ለዕቃ ኢስታንቡል ስትሄዱ ሳታዩ የማትመለሱባቸው ግንቦች

ኢስታንቡል ለዕቃ የሚመላለስ ሐበሻ ከተማዋን የሚያውቃት በላሌሊ በኩል ነው። ሆቴሉ ላሌሊ፣ የጅምላ ሱቁ ላሌሊ፣ ካርጎ ቤቱ ላሌሊ። ራቅ አለ ከተባለ ሌላው የጅምላ ሰፈር፣ ሜርተር ነው። ቀን ጂንስ ስናገላብጥ፣ ዋጋ ስንከራከር እንውላለን። ማታ ዕቃ እናሽጋለን። ከዚያ ኤርፖርት። ግን ሥራው ውስጥ ያለ ያውቀዋል፤ ዕቃው ተመርጦ፣ ተከፍሎበት፣ እስኪመዘንና እስኪጫን ድረስ ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ጊዜ አለ። እሑድ ደግሞ አብዛኛው የጅምላ ሱቅ ዝግ ነው። ያንን ጊዜ ሆቴል ተኝቶ ስልክ ከመነካካት ወጣ ብሎ ግንብ ማየት ይሻላል የምለው በራሴ ስላየሁት ነው።

ለምን ግንብ? ኢስታንቡል መስጊድም፣ ቤተ መንግሥትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሞልቷታል። እኔ ግን ከተማዋ የገባችኝ በግንቦቿ ነው። ይህች ቁስጥንጥንያ እያልን በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምንሰማት ከተማ ከሁሉ በፊት ወደብ ናት። ከደቡብ የማርማራ ባሕር አለ። ከሰሜን፣ ከጥቁር ባሕር የሚወርደው ቦስፎረስ አለ። በመሃል ደግሞ ከተማዋን ሰንጥቆ የሚገባ የባሕር ክንድ አለ፤ ቱርኮቹ ሃሊች ይሉታል፣ ሌላው ዓለም ወርቃማው ቀንድ። ታላላቆቹ አሮጌ ግንቦች የተተከሉት እነዚህን ውሃዎች ለመጠበቅ ነው። መርከብ ለመቁጠር፣ ቀረጥ ለመቀበል፣ ጠላት ለማገድ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ግንቦቹን ቢያንስ አንዴ ከውሃው ላይ ሆናችሁ እዩዋቸው። ሁሉም ላይ ገንዘብ ከፍሎ መውጣት ግን አያስፈልግም። የትኛው ላይ መክፈል እንደሚያዋጣ እነግራችኋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አፍንጫችን ሥር ካለው እንነሳ። ላሌሊ ላይ ሆናችሁ ወደ ቤያዚት አደባባይ ስትሄዱ፣ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ትልቅ በር አለ። ከበሩ ጀርባ፣ ከዛፎቹ በላይ አንድ ቀጭን ነጭ ማማ ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን በሥሩ ስንት ጊዜ አልፈን ቀና ብለን አላየነውም። የቤያዚት ማማ ይባላል። 85 ሜትር ይረዝማል። የእሳት መጠበቂያ ነበር። የድሮዋ ኢስታንቡል ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ፤ አንድ ቤት ሲቀጣጠል ሰፈሩ ይሄዳል። ጠባቂዎቹ ከላይ ሆነው ጭስ ሲያዩ ቀን ቅርጫት እየሰቀሉ፣ ሌሊት ፋኖስ እያበሩ እሳቱ በየት በኩል እንደሆነ ያሳውቁ ነበር። የሚገርመው፣ ከዚህ በፊት የነበረው ማማ ራሱ የእንጨት ነበርና ተቃጠለ። አሁን የምናየውን የድንጋይ ማማ በ1828 ያሠራው ሱልጣን ማህሙድ ዳግማዊ ነው።

ግቢው የዩኒቨርሲቲ ስለሆነ እንደፈለጉ ገብተው የሚወጡበት ግንብ አይደለም። አያሳዝናችሁ። የሱ ጥቅሙ ማታ ነው። ጫፉ ላይ ያለው መብራት የነገውን አየር በቀለም ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ብራ ነው። አረንጓዴ ዝናብ። ቢጫ ጭጋግ። ቀይ ከሆነ በረዶ ይመጣል ማለት ነው። ክረምታቸው ላይ ለሄደ ሰው ከስልኩ በፊት የሚታይ ትንበያ ነው። እኔ አረንጓዴ ካየሁ የማግስቱን የእግር መንገድ ትቼ ሜርተር እሄዳለሁ።

ከቤያዚት ወደ ባሕሩ ከመውረዳችሁ በፊት ሱሌይማንዬ መስጊድን አትለፉ። ከላሌሊ በእግር ቅርብ ነው። ግቢው መግቢያ አይከፈልበትም። ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ሜዳ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ሃሊች ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ከማዶ፣ የተደራረቡ ቤቶች መሃል፣ ባለ ሾጣጣ ቆብ አንድ ወፍራም ክብ ግንብ ቆሟል። እሱ ነው ጋላታ። ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳበት።

ጋላታን የሠሩት ቱርኮች አይደሉም። ጣልያኖች ናቸው፤ የጄኖቫ ነጋዴዎች። እኔ ይህን ሳውቅ ግንቡን ወደድኩት፣ እኛም ያው ለንግድ አይደል የምንሄደው። ያኔ ከተማዋን የሚገዙት ከቱርኮች በፊት የነበሩት ክርስቲያኖቹ ቢዛንታይኖች ነበሩ፤ ጄኖቫዎቹ ከንጉሠ ነገሥታቸው ከተማ ማዶ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ዋናው ከተማ ከሚያገኘው ቀረጥ ይልቅ የነሱ ወደብ ገቢ የሚበልጥበት ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ደርተው ነበር። በ1348 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተጣልተው፣ አትሠሩም እየተባሉ፣ በሰፈራቸው ጫፍ ላይ ይህን ግንብ ገተሩት። ከመሬት እስከ ጫፉ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ግድግዳው ከሥሩ ከ3 ሜትር በላይ ይወፍራል። በ1453 ኦቶማን ቱርኮች ከተማዋን ሲይዙ የነሱ ሆነ። እስር ቤት ነበር፣ በኋላ የእሳት መጠበቂያ ሆነ፣ ከዚያ ራሱ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፣ በ1875 ደግሞ አውሎ ነፋስ ቆቡን ወሰደው። አሁን ያለው ሾጣጣ ቆብ በ1960ዎቹ በተደረገው እድሳት የተመለሰ ነው። ከ2020 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

አንድ ተረት የሚመስል ታሪክም አለው። በ17ኛው መቶ ዘመን ሄዛርፈን አህመት ቸለቢ የተባለ ሰው ክንፍ አስሮ ከዚህ ግንብ ጫፍ ዘለለ፣ ቦስፎረስን ተሻግሮ ኡስኩዳር ላይ አረፈ ይባላል። የጻፈው የዘመኑ ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ ነው። ኤቭሊያ ማጋነን የሚወድ ጸሐፊ ነበር። እላይ ወጥታችሁ የውሃውን ስፋት ስታዩት የራሳችሁን ፍርድ ትሰጣላችሁ፤ እኔ አላመንኩም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው 30 ዩሮ ነበር። አብራን የነበረች፣ በሥራው የቆየች ነጋዴ፣ እትዬ ብለን የምንጠራት፣ ዋጋውን ስትሰማ እሳት ሆነች።

«ሠላሳ ዩሮ? ለደረጃ? አንቺ ልጅ፣ በዚህማ ጥሩ ጂንስ እገዛበታለሁ!»

«እትዬ፣ አሳንሰርም እኮ አለው» አልኳት።

«ታዲያ አሳንሰር ሆቴላችንም አለ!»

እሷ ታች ቡናዋን እየጠጣች ቀረች፣ እኔ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር። አሳንሰሩ እስከ ጫፉ አያደርስም፤ የመጨረሻው በደረጃ ነው። ከዚያ ግንቡን የሚዞር ጠባብ ሰገነት አለ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም መተላለፊያ የለም። ሰው ፎቶ ሲነሳ ተሰልፈህ ትጠብቃለህ። ግን እይታው የዋዛ አይደለም። ሃሊች፣ ቦስፎረስ፣ ማርማራ፣ ሦስቱም ባንድ ዞር ማለት ይታያሉ። ጄኖቫዎቹ ለምን እዚህ ጋ እንደሠሩ ያኔ ይገባል። ወደ ከተማዋ የሚገባ መርከብ ከዚያ ሰገነት አይሰወርም።

ያዋጣል ወይ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ፣ ጊዜ ያለው ሰው ይውጣ። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትንም ለማየት ያሰበ ሰው ሙዚየም ፓስ የሚባለውን ካርድ ይጠይቅ፤ ጋላታ ውስጡ ይካተታል፣ ድምር ሲሠራ ሊቀልለት ይችላል። ኪሱ የሳሳበት ሰው ግን ምንም አልቀረበትም። ጋላታ ላይ ስትወጡ የማታዩት አንድ ነገር ጋላታን ነው። ከሱሌይማንዬ ግቢ፣ ከጋላታ ድልድይ፣ ቫፑር ከሚባለው የሕዝብ መርከብ ላይ ያለ መግቢያ ክፍያ ይታያል። በተለይ ድልድዩን በእግር ተሻገሩት። ዳርና ዳሩ ላይ ዓሣ አጥማጆች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ዘንጋቸውን የድልድዩ አጥር ላይ ያጋድማሉ። ከእግራቸው ሥር በውሃ የተሞላ ባልዲ ወይም የዮጎርት ዕቃ አለ፣ ውስጡ ከመዳፍ የማይበልጡ ዓሣዎች ይንቦጫረቃሉ። ስትራመዱ ብቻ ከኋላ የሚወረወር መንጠቆ አለና ነቃ በሉ።

አካሄዱን ልንገራችሁ። ከላሌሊ ወይም ከቤያዚት ቲ1 የሚባለውን ትራም ይዛችሁ ካራኮይ ትወርዳላችሁ። ከካራኮይ እስከ ግንቡ ያለው ዳገት ጉልበት ይፈትናል። አትውጡት። ካራኮይ ላይ ቱኔል የሚባል አጭር የምድር ውስጥ ባቡር አለ። በ1875 የተከፈተ ነው፤ በከተማ ውስጥ ከተሠሩ የምድር ውስጥ ባቡሮች ከለንደኑ ቀጥሎ ሁለተኛው። በሱ ላይ ወጥታችሁ ከዚያ ቁልቁል ወደ ግንቡ ትሄዳላችሁ። የተሻለው ሰዓት ጠዋት፣ እንደተከፈተ ነው። ከሰዓት በኋላና ጀምበር ስትጠልቅ ሰልፉ ግንቡን ይዞራል።

በዚያ አካባቢ ከሊስትሮ ተጠንቀቁ። እኛ ለሊስትሮ ክፉ አናስብም፣ ለዛ ነው የምንሸወደው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሊስትሮው ሳጥኑን ተሸክሞ ከፊታችሁ ይሄዳል፣ ብሩሹ ይወድቅበታል፣ ያላወቀ ይመስላል። እናንተ ደግነታችሁ አይችልም፣ አንስታችሁ ትሰጡታላችሁ። ደስ ብሎት ያመሰግናችኋል፣ ካልጠረግኩልህ ይላል፣ በግድ ያስቀምጣችኋል። ከዚያ ሲጨርስ ሒሳቡ ይመጣል፤ የልጆቹም ሕመም አብሮ ይመጣል። ብሩሽ ከወደቀ ተዉት፣ ራሱ ያነሳዋል። ግንቡ ሥር ያሉ ካፌዎችም ውስጥ የዋጋ ዝርዝር ሳታዩ አትቀመጡ። እትዬ ለአንድ ቡና የከፈለችውን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች፤ ወጥቼ ባይ ይሻለኝ ነበር ትላለች።

ከጋላታ ቁልቁል ወደ ካራኮይ ወርዳችሁ፣ ማንም ቱሪስት የማይሰለፍበት አንድ ቦታ ግቡልኝ። ከመርከብ ማቆሚያው ጀርባ ዬራልቲ ጃሚ የሚባል መስጊድ አለ። ከውጪ ሲያዩት ግንብ አይመስልም። ውስጡ ግን የጥንት ግንብ ወለል ነው። ብዙ የታሪክ ሰዎች የሚስማሙበት፣ የሃሊችን አፍ የሚዘጋው ትልቁ ሰንሰለት በዚህ በኩል የሚታሰርበት የካስቴሊዮን ግንብ መሠረት እዚህ ነው። ቢዛንታይኖች ጠላት ሲመጣ ከዚህ እስከ ማዶ ከተማው ድረስ ሰንሰለት ይወጥሩ ነበር። በ1203 የመስቀል ጦረኞቹ ወደ ሃሊች የገቡት መጀመሪያ ይህን ግንብ ይዘው፣ ሰንሰለቱን ፈትተው ነው።

መግቢያው ነጻ ነው። ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ፣ የጸሎት ሰዓት ከሆነ ውጪ ጠብቁ። ውስጡ ዝቅ ያለ ነው። አጫጭር፣ ወፋፍራም አራት ማዕዘን ዓምዶች በረድፍ ቆመዋል፣ ጣሪያው በቅስት በቅስት ተያይዟል፣ በዓምዶቹ መሃል ከአንድ ሰው እልፍ የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው ያለው። ግድግዳው ውፍረቱ የውጪውን ጩኸት ቆርጦ ያስቀረዋል። መኪናውም፣ ቫፑሩም፣ ዳቦ ሻጩም ጸጥ ይላል። በአንድ በኩል ከጥንቱ የዐረቦች ከበባ ጊዜ ወድቀዋል የሚባሉ ሰዎች መቃብር አለ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ። መስጊድ የሆነው በ1757 ነው። እኔ እዚህ ያገኘሁትን ስሜት ጋላታ ላይ በ30 ዩሮ አላገኘሁትም።

የሰንሰለቱ ነገር እንዴት እንዳለቀ ታውቁት ይሆናል። በ1453፣ እኛ ዘንድ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ ሱልጣን መህመት ዳግማዊ ከተማዋን ሲከብ ሰንሰለቱ አላሳልፍ አለው። ታዲያ መርከቦቹን በየብስ አስጎተተ። በጋላታ ሰፈር ጀርባ ባለው ኮረብታ፣ ስብ በተቀባ ግንድ ላይ እያንሸራተቱ ወደ 70 የሚጠጉ መርከቦችን ሃሊች ውስጥ ጣሏቸው። ጄኖቫዎቹ ከግንባቸው ሆነው ያዩ ነበር። ጣልቃ አልገቡም፤ ነጋዴ ናቸው፣ ከሁለቱም ጋር ሒሳብ ነበራቸው። ከተማዋ ስትወድቅ የሰፈራቸውን ቁልፍ አስረከቡ። የሰንሰለቱን ቁርጥራጭ ማየት ለፈለገ ሃርቢዬ ያለው የጦር ሙዚየም ውስጥ አለ፤ አንዱ ቀለበት ብቻውን የሰው ክንድ ያህላል።

ከዚያ ውሃ መሻገር ነው። ከጋላታ ድልድይ በላሌሊ በኩል ካለው የኤሚኖኑ መርከብ ማቆሚያ ወደ ኡስኩዳር የሚሄደውን ቫፑር ያዙ። የሚከፈለው በኢስታንቡልካርት፣ ለትራሙ በምትጠቀሙበት ያው ካርድ ነው። ከሽርሽር መርከቦቹ ጋር አታምታቱት፤ እነሱ በር ላይ ቆመው «ቦስፎረስ! ቦስፎረስ!» እያሉ የሚጠሩት በብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። የሕዝቡ ቫፑር ላይ ውጪ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አስተናጋጁ በትሪ ሻይ ይዞ ያልፋል።

ኡስኩዳር ስትደርሱ በባሕሩ ዳር በቀኝ በኩል ሳላጃክ ወደሚባለው ሰፈር በእግር ሂዱ። ከዳርቻው 200 ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ትንሽ ደሴት ላይ፣ የልጃገረዷ ግንብ ቆሟል፤ ክዝ ኩሌሲ ይሉታል። ታሪኩን ማንም ታክሲ ነጂ ይነግራችኋል። ንጉሡ ልጅህ በእባብ ተነድፋ ትሞታለች ተባለ፣ ፈርቶ ከምድር አርቆ ባሕር መሃል አስቀመጣት፣ በመጨረሻ በፍራፍሬ ቅርጫት ውስጥ እባቡ ገብቶላት መጣ። ተረት ነው፣ በዓለም ዙሪያ ወንድምና እህት ያለው ተረት። እውነተኛው ሥራው ግን እንደሌሎቹ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ እዚህ መጠበቂያ አሠራ። ከዚያ ወዲህ ቀረጥ መሰብሰቢያም፣ የመርከብ መብራትም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በወረርሽኝ ጊዜ የበሽተኞች ማቆያም ሆኗል።

ከእድሳት በኋላ በ2023 እንደገና ተከፍቷል። በጀልባ ተሻግሮ መግባት ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። ውስጡ ትንሽ ነው፣ ዋጋው ትንሽ አይደለም። የዚህ ግንብ ውበቱ ከዳር ሲታይ ነው። ሳላጃክ ላይ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ሰው ሁሉ ሻይና የሱፍ ፍሬ ይዞ እዚያ ይቀመጣል። ጀምበር የምትጠልቀው ከግንቡ ጀርባ፣ በማዶው የመስጊድ ጉልላቶች በኩል ነው። ፎቶ የሚወድ ሰው ጀምበር ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይምጣ። ስትመለሱ ቫፑር ከሰለቻችሁ ማርማራይ የሚባለው ባቡር ከኡስኩዳር በባሕሩ ሥር አቋርጦ በጥቂት ደቂቃ ሲርኬጂ ያደርሳችኋል።

አሁን ሩሜሊ ሂሳሪ ወደሚባለው ምሽግ። ግማሽ ቀን ካላችሁና ለአንድ ግንብ ብቻ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ እዚህ አውጡት።

ከካባታሽ በባሕሩ ዳር ወደ ሳሪየር አቅጣጫ የሚሄድ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው። ካልተጨናነቀ ማለቴ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አታስቡት። ቦስፎረስ በጣም ጠባብ የሚሆንበት፣ 700 ሜትር ገደማ የሚሆንበት ቦታ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ኮረብታው አናት ግንቡ ተዘርግቷል። ሦስት ትልልቅ ማማዎች አሉት። ትይዩ ከማዶ ደግሞ ከሱ የሚያንስ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ አናዶሉ ሂሳሪ አለ። ሁለቱ ሆነው ባሕሩን እንደ በር መዝጊያ ከግራና ከቀኝ ይይዙታል።

መህመት ዳግማዊ ይህን ያሠራው በ1452 ነው፣ ከተማዋን ከመያዙ አንድ ዓመት ቀድሞ። የጨረሱት በአራት ወር ገደማ ነው። እንዴት? ሱልጣኑ ሦስቱን ማማዎች ለሦስት ሹማምንቱ አከፋፈላቸው፤ ሳሩጃ ፓሻ፣ ዛጋኖስ ፓሻ፣ ሃሊል ፓሻ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ እንዳያንስ ተሽቀዳደመ። ማማዎቹ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ውሃው ዳር ያለው የሃሊል ነው። ሃሊል ታላቅ ቪዚር፣ ማለትም የሱልጣኑ ዋና ሚኒስትር ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ከተማዋን መውጋት የማይደግፈው እሱ ነበር። ማማውን ግን ገነባ። ከተማዋ በተያዘች በሳምንታት ውስጥ ሱልጣኑ አስገደለው። እዚያ ማማ ሥር ስትቆሙ ይህን አስቡት።

ምሽጉ ሲያልቅ ትእዛዝ ወጣ፦ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ ይቁም፣ ይፈተሽ፣ ይክፈል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንቶንዮ ሪዞ የሚባል የቬኒስ ካፒቴን ሳይቆም ሊያልፍ ሞከረ። መድፉ መርከቡን አሰመጠው፤ ካፒቴኑም በሕይወት አልተለቀቀም። ከዚያ በኋላ ከጥቁር ባሕር እህል ወደ ቁስጥንጥንያ የሚወርድበት መንገድ በሱልጣኑ እጅ ገባ። ዛሬ በዚያው ቦታ ግዙፍ የጭነት መርከቦች ይተላለፋሉ። ከግንቡ ላይ ሆናችሁ ስታዩዋቸው ድንጋይ ብትወረውሩ የምትመቷቸው ይመስላል።

ውስጡን ስትሄዱ ጥሩ ጫማ አድርጉ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሷል፣ ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል። መያዣ ብረት የሌለበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እጁን አትልቀቁ። ማማዎቹ ውስጥና ግንቡ ላይ ሁልጊዜ አያስገቡም። ባያስገቡም ግቢው ይበቃል። ዛፍ የሞላበት፣ ነፋሻ ነው። የጎንደርን ፋሲል ግንብ ያየ ሰው ያንን የሚመስል ጸጥታ ያገኝበታል፤ ልዩነቱ እዚህ ከግንቡ ሥር ባሕር መኖሩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዝግ ነው፣ ቀኑ ስለሚለዋወጥ ከመሄዳችሁ በፊት እዩ።

የዲኩሌን፣ ባለ ሰባት ማማውን፣ ታሪክ ለሚወድ ሰው ብቻ ነው የምለው። ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ነው። በማርማራይ ካዝሊቸሽሜ ወርዳችሁ በእግር ትሄዳላችሁ። የጥንቱ የከተማ ቅጥር ወደ ማርማራ ባሕር የሚደርስበት ጫፍ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥታቱ ድል አድርገው ሲመለሱ የሚገቡበት ወርቃማው በር እዚህ ነበር። መህመት ዳግማዊ በ1458 በቅጥሩ በነበሩት አራት ማማዎች ላይ ሌሎች ሦስት ጨምሮ ምሽግ አደረገው። መጀመሪያ የገንዘብ ግምጃ ቤት፣ ኋላ እስር ቤት ሆነ። ኦቶማኖች ከአንድ አገር ጋር ጦርነት ሲያውጁ አምባሳደሩን እዚህ ያስገቡት ነበር። በአንደኛው ማማ ግድግዳ ላይ እስረኞቹ በየቋንቋቸው የቀረጹት ጽሑፍ እስከ አሁን ይታያል። በ1622 ደግሞ የገዛ ወታደሮቹ ያመፁበት ሱልጣን ኡስማን ዳግማዊ በ17 ዓመቱ እዚሁ ታንቆ ተገደለ። ሰው የማይበዛበት ቦታ ነው፤ ብቻችሁን ባትሄዱ ይሻላል፣ ከመሸ ደግሞ አትቆዩ።

የሰዓት ማማዎቹን እግረ መንገዳችሁን እዩ እንጂ ለነሱ ብላችሁ አትውጡ። ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት በር ላይ ያለው ቆንጆ ነው፤ 27 ሜትር፣ በ1895 ያለቀ። ያሠራው ሱልጣን አብዱልሃሚድ ዳግማዊ ነው፣ በ1904 ወደ ዐፄ ምኒልክ መልእክተኛ የላከው። ከካባታሽ ቅርብ ስለሆነ ወደ ሩሜሊ ሂሳሪ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

ስለ ምግብ ለጿሚ። ሲሚት የሚባለው ባለ ሰሊጥ ክብ ዳቦ በየመንገዱ አለ፣ ይጾሙበታል። የምስር ሾርባም በየምግብ ቤቱ አለ፣ ግን ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቁ። በብርዱ ወቅት ከስታኒያ የሚባል የተጠበሰ ፍሬ በወረቀት ይሸጣል። ዓሣ የሚበላ ኤሚኖኑ ላይ ዓሣ በዳቦ ያገኛል፤ ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚያው ከጓደኞቻችሁ ጋር ተከራከሩ፣ እኛም እስከ ዛሬ አልጨረስነውም።

ለዕቃ ሳይሆን በትራንዚት ለምታልፉ ደግሞ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ከኤርፖርት ለመውጣት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት አያስፈልጋችሁም። ቆይታችሁ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ካለው አንድ ግንብ ይደርሳል፣ ሁለት ግን አትሞክሩ። ታክሲ ውስጥ ትራፊክ ላይ ከመቅለጥ በባቡር ሂዱ። ኤም11 የሚባለው ሜትሮ ከኤርፖርቱ ጋይሬቴፔ ያደርሳል። እዚያ ወደ ኤም2 ቀይራችሁ ሺሽሃኔ ትወርዳላችሁ። ከጣቢያው ስትወጡ ጋላታ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ሻንጣችሁን ኤርፖርት ማስቀመጫ ውስጥ ተዉት፤ የዚያ ሰፈር ጎዳና ኮብልስቶን ስለሆነ የሻንጣ ጎማ ይጨርሳል።